የተሻሩት እንግዳ

ሚስተር ኮሊንስ ከከንቲባነታቸው መሻራቸውን ያወቅሁት ሰንጋው ታርዶ፣ እንግዳው ሁሉ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ነው።

ጣጣውን ያመጣው የእኔው ምላስ ነው። በትምህርት ቤታችን የምታስተምር አንዲት አሜሪካዊት ባልደረባዬ መስከረም ላይ "አባቴ በአገራችን የከተማ ከንቲባ ነው፤ ሊጠይቀኝ ይመጣል" ብትለኝ፣ ሮጬ ለወረዳ ገዢያችን ለፊታውራሪ ይግዛው ነገርኳቸው። ማን ጠየቀኝ? በዚያ ሰሞን ሹም ሽር አለ እየተባለ ፊታውራሪ እንቅልፍ አጥተው ነበር። "የአሜሪካ ከንቲባ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቃል ቢናገርልኝ ይበቃኛል" አሉ። የአርብ ገበያ ሹማምንትና ባላባቶች፣ ከቤተ ልሔም ደብርም መሪጌታ አዱኛ ሳይቀሩ ተጠሩ። አስተርጓሚው እኔ፣ መምህር ይርዳው ነኝ። ነገሩ ከተበላሸ ማን እንደሚጠየቅ ግልጽ ነው።

የሚስተር ኮሊንስ ልጅ፣ ባልደረባዬ፣ ጓዳ ከፊታውራሪ ሚስት ከወይዘሮ ካሣነሽ ጋር ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ከእኔ በቀር አልነበረም።

"እንዳው እኒህ ጌታ በማን እጅ ተሾሙ?" ሲሉ ጠየቁ መሪጌታ።

ሚስተር ኮሊንስ ጥያቄውን ወደዱት። በልጅነታቸው በጋሪ ወተት ያዞሩ እንደነበር፣ በከተማው የማያውቁት ደጃፍ እንዳልነበረ፣ ኋላም ሕዝቡ እንደመረጣቸውና ዐሥራ ሁለት ዓመት ከንቲባ ሆነው ውኃ እንዳስገቡ አወሩ። እኔም ወተቱን ትቼ "አባታቸው የከብት ጌታ ነበሩ" እያልኩ ተረጎምኩ። ወተት አዟሪ ከንቲባ ሆነ ብል ማን ያምነኛል?

ከዚያ ፈገግ ብለው "ባለፈው ጥቅምት ግን ሕዝቡ በቃህ አለኝ። አንድ ጫማ ሻጭ በአርባ አንድ ድምፅ አሸነፈኝ" አሉና ሳቁ።

እኔ ወደ በሩ አየሁ።

"ምን አለ?" አሉ ፊታውራሪ።

በእኛ አገር ሰው ሲሻር ደጁ ሣር ያበቅላል። ትናንት እጅ ሲነሳው የዋለ ሁሉ ዛሬ መንገድ ይቀይርበታል። አብሮት የበላም "ምን ስትዶልት ነበር?" ይባላል። ፊታውራሪ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰቡት በእኔ ቃል ነው።

"ሕዝቡ ስለሚወዳቸው ዕድሜ ልክዎን ይግዙን ብሏቸዋል" አልኩ።

ባላባቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታውራሪ ግን ጉርሻቸውን መልሰው ገበታው ላይ አኖሩት።

ይባስ ብሎ ሚስተር ኮሊንስ ከኪሳቸው ፎቶግራፍ አወጡ። ለዚያ ለጫማ ሻጩ፣ ለአንድ ቀጭን ሰው፣ የከተማውን ትልቅ ቁልፍ ሲያስረክቡ ያሳያል። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

"ይኸ ቀጭኑስ?" አሉ መሪጌታ።

"ግምጃ ቤት ጠባቂያቸው ነው" አልኩ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት መቼ ያስቀምጣል!

ፊታውራሪ ፎቶውን ብዙ አዩት። ከዚያ ተነስተው በጣታቸው ጠሩኝ፤ ወደ ጓሮ ተከተልኳቸው። አለቀልኝ አልኩ።

"ያ ሰውዬ ተሽሯል፤ አይደል?"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ይማሩኝ ጌታዬ! አሁን ገና ነው የሰማሁት።"

"ተነስ። ቁልፍ የሚያስረክብ ሰው አይቼ የማላውቅ መሰለህ?" ከካባቸው ሥር ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጡ። "የእኔም ሽረት ዛሬ ጧት ደረሰኝ። ካሣነሽም አላወቀች። ሰንጋው ታርዷል፣ ሰው ተጠርቷል፤ ምን ላድርግ? ተሽሮ የሚስቅ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ ይርዳው። እስቲ ጠይቅልኝ፤ በተሻረ ማግሥት ከቤቱ እንዴት ወጣ?"

ለካ በውሸት ስሸሽጋቸው የቆየሁት የሚፈልጓትን አንዲት እውነት ነበር።

ተመልሰን ተቀመጥን፤ ጠየቅሁላቸው። የሚስተር ኮሊንስ ሳቅ ጠፋ።

"አልወጣሁም" አሉ ቀስ ብለው። "ሦስት ቀን መጋረጃ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰው ሳይሆን የሰው ዓይን ነው የፈራሁት። በአራተኛው ቀን ሚስቴ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።"

ይህን በጆሯቸው ልነግራቸው ጎንበስ ስል ፊታውራሪ "ጮክ ብለህ!" አሉኝ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ መሻሩንም፣ ጫማ ሻጩንም፣ የተውኩትን ወተት ጭምር። በአዳራሹ የሚያኝክ እንኳ ጠፋ።

"እኔ ሦስት ቀን የለኝም" አሉ ፊታውራሪ። "ነገ ዓርብ ነው፤ አገሩ ሁሉ ገበያ ይወጣል።" ወደ ጓዳው ዞረው "ካሣነሽ! እስቲ ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ" ብለው ተጣሩ። ወይዘሮዋ ሲመጡ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። "ይህንንም አንብብላቸው።"

አነበብኩ። ገና ከመካከሉ ሳልደርስ አንዱ ባላባት ጫማውን በእግሩ መፈለግ ጀመረ፤ ሌላው የታመመ በቅሎ ትዝ አለው። ከመሪጌታ በቀር "አይዞዎ" ያለ የለም። ወይዘሮ ካሣነሽ የባላቸውን ክንድ ያዙ።

"ምን ሆነው ነው የሚሄዱት?" አሉኝ ሚስተር ኮሊንስ።

ነገርኳቸው። በርጩማቸውን አንስተው ከፊታውራሪ ጎን አስጠግተው ተቀመጡ።

"ነገ ገበያው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሞላው? ብለህ ጠይቅልኝ" አሉኝ።