የማሳለጫው ቀለበት

አለቃችንን ከኋላው «መጪው ዘመን» እንለዋለን። ዛሬ ስለሚፈስ ሽንት ቤት ብትነግሩት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስለሚኖረው ፍሳሽ ያወራላችኋል። ሰውየውን ሳየው ያቅለሸልሸኛል። የመንገድ ንድፍ የምስለው ግን ለሱ ነው፤ ምሳም አብሬው እበላለሁ።

አክስቴ የምትኖርበት ጠረፍ ድረስ የሄድነው አውራ ጎዳናውን ለማስፋት ተብሎ ነው። ዝንብ እንኳ ተሳስታ የማታልፍበትን ጎዳና! ቆጠራ ይቅደም ተባለና መገንጠያው ላይ መኪና በረገጠው ቁጥር የሚመዘግብ የጎማ ቱቦ ዘረጋን። ማደሪያችን ከቱቦው ወዲያ፣ ጊዜያዊ ቢሯችን ከቱቦው ወዲህ ነበር። ለቁርስ፣ ለምሳ፣ የተረሳ ስልክ ለማምጣት፣ ሁሉም በየመኪናው ሲመላለስ ሰነበተ። ውጤቱ ሲመጣ አለቃው አጨበጨበ።

«ማስፋት ብቻማ አይበቃም፤ ለወደፊቱ ማሳለጫ ያስፈልጋል!»

«ጌታዬ፣ የተቆጠርነው እኮ እኛው ነን» አልኩት።

«እኛስ መኪና አልያዝንም?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ። ጥርሳቸውን ማየት አስጠላኝ።

ማሳለጫው መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። በንድፉ ላይ ቀለበት የምንለው ጥምዝ መንገዱ ያረፈበት ቤት ግን የእግድ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ አንድ ምስማር አይመታበትም። ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት እዚያ ቀለበት ውስጥ ገባ። ጣሪያዋ ያፈሳል። አዲስ ቆርቆሮ ገዝታ ግድግዳ ላይ አስደግፋዋለች፤ እሷ ግን ሳፋ ደርድራ፣ አልጋዋን ከጥግ ጥግ እየገፋች ነው የምትተኛው። ክረምቱም ደጅ ደርሷል።

እፍረቴን ዋጥ አድርጌ አለቃው ዘንድ ገባሁ።

«አክስትሽ ናት? ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ያዘው?» አለና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቀለበት በጣቱ ገፋ አደረገው። አለቀ። ያ ሁሉ ጥናት፣ ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ለካ በአንድ ጣት የሚገፋ ነገር ኖሯል! ምራቄ መረረኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

አናጢ ይዤ አክስቴ ቤት በረርኩ።

«ተፈቀደልሽ! ቀለበቱን አዞሩት!»

«ወደ ማን?»

«ወደ ጎረቤትሽ፣ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ።»

የጋጋሪዋ ጣሪያ ከአክስቴም የባሰ ወንፊት ነው። አክስቴ ቆርቆሮዎቹን አየቻቸው።

«ማስታወቂያው ደርሷታል?»

«ነገ ነው የሚለጠፈው።»

«እንግዲያው ዛሬ ይመታላት» አለችና አንዱን ቆርቆሮ በጫፉ ይዛ ወደ ጎረቤት ደጅ ጎተተችው።

አናጢው ራሱን ነቀነቀ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይቺ ናት!»

«ምላስህን ሰብስብና መሰላልህን አምጣ!»

ጋጋሪዋ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ወጥታ፣ ነገሩ ግራ ገብቷት ቆመች። ወዲያው የመዶሻው ድምፅ መንደሩን ሞላው። እኔም ቆርቆሮ ላቀብል ጎንበስ ስል አክስቴ እጄን ገፋ አደረገችው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«አንቺ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ።

ገና ምንም አልነካሁም ነበር።