ወደ ሰሜን የተላከ በሶ

የሰሜኑ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ጥይት በሴቶች ወገብ ታስሮ ያልፋል የሚል ወሬ በዛ። ከአዳማ በስተደቡብ ያለውም ኬላ ሴት ፈታሽ አስፈለገው። የኬላው ሹም ባሻ ወልደአማኑኤል፣ ዘበኞቻቸው የሰው ሚስት ሲነኩ ደም እንዳይፈስ ፈርተው አሰለፈችን ቀጠሯት። ጥጥ ከመፍተል በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም ነበር። ባሏ አብተው በጥር ወር ሦስቱን በቅሎዎቹን ይዞ ስንቅ ጫኝ ሆኖ ዘምቷል። ሥራው ባሏ እስኪመለስ ብቻ እንደሆነ ባሻ ነግረዋታል፤ ዘማች ቤቱ ከገባ በኋላ ሚስቱ ኬላ ላይ መዋሏ ነውር ነው።

መጀመሪያ ከሚፈተሹት ሴቶች ይልቅ እሷ ታፍር ነበር። እያደር እጇ ለመደ። ሴቶቹ «ዳሳሿ» የሚል ስም አወጡላት። ቅቤ ነጋዴዋ ፋዲላ በየገበያው ቀን እጆቿን አንስታ ባሌ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ ዳስሶኝ አያውቅም ትላታለች። አሰለፈች አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ሥራውን እንደወደደችው ለማንም አልተናገረችም።

በየሁለት ሳምንቱ ገብስ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምራ ለአብተው በሶ ታዘጋጃለች። ከአዳማ በባቡር ለሚነሳ ዘማች አደራ ትሰጣለች። መርዳሳ የሚባል ወታደር ቆስሎ ሲመለስ በሶውን በእጁ እንደሰጠው፣ አብተው ትንሽ እንደከሳ ነገራት። ከዚያ ወዲህ መጠኑን ጨመረች።

በግንቦት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሻሸመኔ የመጣች ወጣት ሴት ወደ መፈተሻው ጎጆ ገባች። ሸዋወርቅ እባላለሁ፣ እናቴ ታማብኝ ነው የምሄደው አለች። አሰለፈች አይዞሽ ብላ ወገቧን ዳሰሰች። እጇ መቀነቱን ተከትሎ ሲዞር፣ በስተግራ፣ ከውስጥ በኩል፣ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደች ትንሽ ኪስ አገኘ። ባዶ ነበረች። አሰለፈች ሳታያት አወቀቻት። የሰፋቻት ራሷ ናት። በጥር፣ በመሄጃው ጠዋት፣ መቀነቱን ከወገቧ ፈትታ አብተውን አስታጥቃው ነበር።

እጇን አላነሳችም።

«መቀነቱ ያምራል» አለች።

«ባሌ ነው የሰጠኝ፣ እትዬ። ሟች ሚስቱ የፈተለችው ነው።»

ውጭ አንድ አህያ ጮኸ፤ አሰለፈች እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ሥራው ምንድን ነው ባልሽ?»

«በቅሎ ያከራያል። ከጥር ጀምሮ እኛ ዘንድ ነው።»

«ስንት በቅሎ አለው?»

«ሦስት። አንዷ ጆሮዋ ቆራጣ ናት።» ልጅቷ ፈገግ አለች። «እሷን ከእኔ አብልጦ ይወዳታል።»

በቅሎዋን ጆሮዋን ጅብ የነከሳት ዕለት ቁስሉን በቅቤ ያከመችው አሰለፈች ነበረች። መርዳሳ ትዝ አላት። በሶውን ምናልባት እመንገድ ላይ በልቶት ይሆናል፤ በእሱ ግን አልተናደደችም።

«ሚስቱ ጥሩ ፈታይ ነበረች» አለች፣ የመቀነቱን ጫፍ በጣቶቿ እያሻሸች። ከዚያ የላላውን አጥብቃ መልሳ አሰረችላት።

በጎጆው ጥግ፣ ማታ በባቡር ለሚነሳ ዘማች ያዘጋጀችው የበሶ ስልቻ ተቀምጦ ነበር። አንስታ ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ስትመለሺ ለባልሽ ስጪልኝ።»

«ያውቅሻል እንዴ፣ እትዬ?»

«ሲቀምሰው ከማን እንደሆነ ያውቃል።»

ልጅቷ ግራ ቢገባትም አመስግና ወጣች። ባሻ ወልደአማኑኤል ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው ምን እንደተገኘ ጠየቁ።

«ምንም የለም፣ ባሻ።»

«ከባልሽስ ወሬ አለ? ዘማቹ መመለስ ጀምሯል ይላሉ።»

አሰለፈች የደቡቡን መንገድ ተመለከተች። የሚጠብቃት ረጅም የሴቶች ሰልፍ ቆሟል።

«የለም» አለች። «እሱ ገና ሩቅ ነው።»

ቀጣይዋን ሴት ግቢ ብላ ጠራች።