ለክብደት የሚሆን ዱቄት

አገርነሽ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ ሆዷን ደግፎ የያዘላትን ሰፊ መቀነት ሳይቀር ፈታ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መቀነቱ ሲፈታ ከእምብርቷ በታች ያለው እብጠት ወደ ፊት ወረድ አለ፤ በግራ እጇ ደገፈችው። ቁጥሩን ላለማየት ብላ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የክትባት ሥዕል አነሣች።

የሶዶ ሆስፒታሏ ነርስ ሲስተር ወይንሸት ጎንበስ ብላ አነበበች። ካርዱን ገልጣ የባለፈውን አየችና እንደገና ጎንበስ አለች።

«እስቲ ይውረዱና ደግመው ይውጡ፣ እናቴ።»

ወረደች፤ ደግማ ወጣች።

«ዘጠና አምስት» አለች ሲስተሯ። «የዛሬ ስድስት ሳምንት ሲመጡ ዘጠና ሁለት ነበሩ።»

አገርነሽ ቦዲቲ ገበያ ላይ ቅቤና አይብ ስትሸጥ ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሚዛን ማለት ምን እንደሆነ፣ ከዘጠና ሁለትና ከዘጠና አምስት የቱ እንደሚበልጥ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ሆኖም ከሚዛኑ አልወረደችም። ትንሽ ብትቆይበት ቁጥሩ የሚመለስ ይመስል ዝም ብላ ቆመች።

እብጠቱ ያለበት የሆዷ ጠባሳ የቆየ ነው። ባርኮት የምትባለውን አንድ ልጇን በኦፕራሲዮን ስትወልድ የተሰፋችበት ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሳያስቸግራት ኖሮ፣ የዛሬ አራት ዓመት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ የሞላበትን ቅርጫት ከጋሪ ላይ ስታወርድ ውስጥ ውስጡን ተተረተረ። ከዚያ ወዲህ ባሳላት ቁጥር አንጀቷ ቆዳዋን ገፍቶ ይወጣል፤ አንዳንድ ቀንም አልመለስ ይልና ጋደም ብላ በእጇ እስክታስገባው ላብ ያጠምቃታል። በጥር ወር ሐኪሙ አይቶ፣ ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ቡድን እንደሚመጣ ነገራት። ቡድኑ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። «ግን ሰማንያ ስድስት ኪሎ መግባት አለብሽ» አላት። «ሆድ ላይ ስብ ሲበዛ ስፌቱ አይዝም፤ መልሶ ይተረተራል።» ዝርዝሩ የሚዘጋው ዛሬ ነው።

«እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች ሲስተር ወይንሸት። «ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ምንም። ጠዋት ዱቄቱን በወተት፣ ማታ ዱቄቱን በወተት። ቀን ላይ ጎመን፣ ካልሆነም ግማሽ ስኳር ድንች።»

«የምን ዱቄት?»

«ልጄ የገዛችልኝ ነው። ፕሮቲን የሚሉት፣ የክብደት ዱቄት።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ምንም እንደማይበላ ሲምልላት የኖረች ናትና፣ ፊቷ ላይ የነበረው የለመደ አለማመን ነው። አማርኛውን ትታ በወላይትኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። ሰው ሲርበው ሳይታወቀው ይቀምሳል፤ ገበያ ላይ ለደንበኛ አይብ ሲያቀምሱ ለራስ አንድ ጣት ማለት አይቀርም፤ ያጋጥማል፤ ነውር የለውም አለቻት።

«አንድ ጣት አልቀመስኩም» አለች አገርነሽ። «ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«አሁን ወተት እጠጣለሁ አላሉኝም?»

ወተቱ መድኃኒት ከምትለው ዱቄት ጋር ስለሆነ ነው፤ ያንንም የነፍስ አባቷን አባ ሀብተሚካኤልን አስፈቅዳ ነው። አገርነሽ ይህን ሁሉ ለማስረዳት አፏን ከፈተችና፣ ስትናገረው እንዴት እንደሚሰማ አስባ መልሳ ዘጋችው።

«ስምዎን ብጽፈውም እዚያው ቀን መዝነው ይመልሱዎታል» አለች ሲስተሯ። «ለሚመጣው ዓመት ከፊት አስቀምጥዎታለሁ። እስከዚያ ከባድ ነገር አያንሡ። አልመለስ ካለዎት ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይቆዩ ይምጡ።» ካርዱን አጥፋ ሰጠቻት። «ዱቄቱንም ለሚያውቀው ሰው ያሳዩት።»

አገርነሽ መቀነቷን ጠምጥማ ወጣች። በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። ዓመት ሙሉ ከባድ ነገር ሳያነሡ ቅቤ እንዴት እንደሚነገድ ሲስተሯን አልጠየቀቻትም፤ ብትጠይቃትም የምትመልሰው እንደሌላት ገብቷታል።

በልቧ የቀረ አንድ ተስፋ ነበራት። ምናልባት አጠጣጡን አጥፍታው ይሆናል። ምናልባት በወተት ሳይሆን በውሃ ነበር፤ ምናልባት ከምግብ በፊት ነበር። ባርኮት የገዛችበትን ሱቅ ነግራታለች፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሩ ላይ ጡንቻው ያበጠ ሰውዬ ሥዕል ያለበት። ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ሱቁ የስፖርት ልብስ፣ ኳስና የክብደት ማንሻ ብረት የሞላበት ነው። ባለቤቱ ፈሪድ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። አያቱ ከስልጤ መጥተው እዚሁ ሶዶ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እርሱ ጨርቁን ትቶ በዚህ ገባ። አገርነሽ ከቦርሳዋ ዱቄቱ ያለበትን የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ ከሥሩ ትንሽ ዱቄት ቀርቶታል።

«ይህን ከአንተ ነው የገዛነው፣ ልጄ። አጠጣጡን ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

ፈሪድ ከፍቶ አሸተተው። «አዎ፣ የእኔ ነው። ከትልቁ ባልዲ እየቀነስኩ የምሸጠው።» ትንሽ አሰበ። «መምህርቷ ናት የወሰደችው። ከአረካ የመጣች፣ ቀጠን ያለች ልጅ። ከእኔ ሁለቴ ወስዳለች።»

«ልጄ ናት።»

«‹ለክብደት የሚሆን ፕሮቲን ስጠኝ› አለችኝ። ሁለት ሁለት ማንኪያ ጠዋትና ማታ በወተት ብዬ ነግሬያታለሁ። ወንድሟ ነው የሚጠጣው? አልጨመረም እንዴ?»

«ምን ይጨምራል?»

«ክብደት።»

አገርነሽ መቀነቷን በእጇ ያዘች። ፈሪድም ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ መቀነቱ ላይ ያረፈ እጇን። ከዚያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«እርስዎ ነዎት የሚጠጡት» አለ።

«እኔ ነኝ። ለመቀነስ።»

ወጥቶ ወንበር አመጣላትና አስቀመጣት። ባልዲውን ከመደርደሪያው አወረደው። የበሩ ላይ ሰውዬ ባልዲው ላይም አለ።

«እናቴ፣ ዱቄቱ ሁለት ዓይነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንዱ ምግብ የሚተካ ነው። ምሳዎን ወይ ራትዎን ትተው በእሱ ፋንታ ይጠጡታል። ይሄ ደግሞ ከሲታ የሆኑ ስፖርተኞች ለመወፈር የሚጠጡት ነው፤ በምግብ ላይ የሚጨመር። እዚህ የሚመጣው ሁሉ ለመጨመር ነው የሚመጣው። ‹ለክብደት› ስትለኝ ሌላ አልመጣልኝም።»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

ጣቱን በባልዲው ጽሑፍ ላይ እየሄደ አነበበላት። «መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት ያለው ነው። ከበቆሎ የሚወጣ፣ እንደ ስኳር ያለ። ቀጥሎ አጓት።»

«የቱ አጓት?»

«አይብ ሲወጣ የሚቀረው። እሱን አድርቀው፣ ፈጭተው ነው።»

«እኛ ለጥጃ የምንሰጠው?»

«እሱ ራሱ። አጓቱ ክፉ አይደለም፤ ለጡንቻ ይሆናል። የሚያወፍረው ከሱ ጋር ያለው ነው። አንዴ የሚጠጡት ከነወተቱ ሲሰላ ከአንድ ሙሉ ምሳ ይበልጣል።»

አገርነሽ በልቧ ቆጠረችው። ጠዋት ከምሳ የሚበልጥ፣ ማታ ከምሳ የሚበልጥ፤ ስድስት ሳምንት። ቀን ቀን ስኳር ድንቹን ለሁለት ስትከፍል፣ ጎረቤት ለዝክር ሲጠራት ሆዴን አሞኛል ብላ ስትቀር፣ ሌሊት ራብ ይሁን ሌላ ነገር እንቅልፍ ሲነሣት። አባ ሀብተሚካኤል አጥራቸው ሥር ቆመው ሰምተዋት፣ «መድኃኒት ከሆነ ጠጪ፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል» ብለዋት ነበር። እርሷ ግን አንድም ጠዋት ብርጭቆውን በሰላም አላነሣችውም። አማትባ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጨልጠው።

«የሚተካውስ አለህ?» አለችው።

«አንድ ቆርቆሮ አለኝ። ያለ ዋጋ ይውሰዱት።»

«ሐኪሞቹ እስኪመጡ በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ይቀንሳል?»

ፈሪድ ቆርቆሮውን ሊያወርድ የዘረጋውን እጅ መለሰ። «አይቀንስም። ይቀንሳል የሚልዎት ሰው ይዋሽዎታል። እሱም ቢሆን መድኃኒት አይደለም፣ እናቴ፤ ተለክቶ ያነሰ ምግብ ነው። ከምሳው ስለሚያንስ ነው የሚቀንሰው። ጎመንና ጎደሬ በልክ ቢበሉም ያው ነው።»

ይህን ነበር ባይነግራት የሚሻላት። በየዓመቱ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ በየዓመቱም ፋሲካ ሲደርስ ቀሚሷ ይሰፋታል፣ ባርኮት ከጎኑ በመርፌ ትይዝላታለች። ዘንድሮ አርፋ እንደወትሮዋ ብትጾም ኖሮ ሰማንያ ስድስት ባትገባ እንኳ ወደዚያ ትቀርብ ነበር። በሕይወቷ አንዴ ጾሙን ብትተወው፣ ያስተዋት ለጥጃ የምትሰጠው አጓት ሆነ።

መቆጣት ፈለገች፤ ቁጣዋን የምታሳርፍበት ሰው ግን አጣች። ይህ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ማን እንደሚጠጣው መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላታል። ሲስተሯ ደንቧን ነው የጠበቀችው። ባርኮትማ ለክረምት ትምህርት መመዝገቢያ ያጠራቀመችውን ነው ለዚህ ያወጣችው። ተነሣች። የፕላስቲክ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ እንደተወችው የታወሳት መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ነው፤ አልተመለሰችም።

ባርኮት መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቃት ነበር። አረካ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ስለሌላት በሚኒባስ መጥታለች። እናቷን ስታይ ሮጣ መጥታ ቦርሳዋን ተቀበለቻት።

«እማ፣ ስንት ኪሎ ሆንሽ?»

አገርነሽ መንገድ ለመንገድ ስታዘጋጅ የመጣችውን ተናገረች። «ዝርዝሩ ሞልቷል አሉኝ። ለሚመጣው ዓመት ከፊት አስቀምጥዎታለሁ አለችኝ ሲስተሯ።»

የባርኮት ፊት ወረደ። «ሞልቷል? ቀኑ ዛሬ ነው አላሉም? ልሂድና ላናግራቸው?»

«ተይ፣ ልጄ። ሰው በዝቶባቸዋል።»

«ቀንሰሽ ነበር ግን?»

«ትንሽ።»

ባርኮት እንደምንም ፈገግ አለች። እናቷን እቅፍ አደረገቻት። «በቃ፣ ዓመት ሙሉ አለን። አሁን ማቆም የለብንም። ደመወዝ ስቀበል ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም አትበዪ። አብራኝ የምታስተምረዋ ጸሐዬ እንኳ ለእናቷ ገዝታላቸዋለች። እኔ ነኝ የነገርኳትና የወሰድኩላት። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ ክብደት ቀንሱ ብሏቸው ምን እንደሚያደርጉ ጨንቋቸው ነበር። ዛሬ አሥረኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ማታ ነው የሚጠጡት፣ እንዳንቺ።»

«ቦዲቲ! አንድ ሰው፣ ቦዲቲ!» ይላል ረዳቱ። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ የቀረውን አንድ ቦታ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው። አገርነሽ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ነበር። እቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ብትተኛ፣ የዛሬው ነገር ለእርሷ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ባርኮት ክረምት መጥቶ ጓደኞቿ ለትምህርት ሲሄዱ ቅር ይላት ይሆናል፤ እንጂ ያ ዱቄት እናቷን ምን እንዳደረጋት ሳታውቅ ትኖር ነበር። አገርነሽ ይህን ፈልጋ ነበር። የጸሐዬን እናት አንድ ቀን ገበያ ላይ አይታቸዋለች፤ እግራቸው ላይ የማይደርቅ ቁስል ያለባቸው፣ ቀስ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ» አለ ረዳቱ።

እግሯን ከደረጃው አወረደች። «ሂዱ» አለችው። በሩ ተዘግቶ ሚኒባሱ አቧራ አስነሥቶ ወጣ። ባርኮት ግራ ገብቷት ታያታለች።

«እማ፣ አመመሽ?»

«ስልክሽን አውጪ።»

«ለማን?»

«ለጸሐዬ ደውዪ። እናቷ የዛሬ ማታውን እንዳይጠጡ ንገሪያት፤ ነገ ጠዋትም ስኳራቸውን ታስለካ።»

«ለምን?» አለች ባርኮት። ስልኩን አውጥታ ይዛዋለች፤ ጣቷ ግን ቆሟል። «እማ፣ ለምን?»

አገርነሽ መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ፈልጋ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ለልጇ ቦታ ለቀቀችላት።

«መጀመሪያ ደውዪላት» አለች። «ከዚያ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»