ወደ አማት ቤት

የልጅ ልጄን ዮርዳኖስን፣ የመጀመሪያ ልጇን እኔ ዘንድ ትውለድ ብዬ ከባሏ አገር ከእስቴ ወደ አርብ ገበያ አመጣኋት። ወጋችን ነው። ግን እግሯ አበጠ፤ ራሷንም አመማት። ልቤ አላርፍ ቢለኝ የጤና መድን መታወቂያዬን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

«እማማ፣ መውለዱስ በነጻ ነው» አለችኝ ነርሷ። «ለሌላው ሕመም ግን በእርስዎ መታወቂያ አትታከምም። ያገባች ሴት መድኗ ከባሏ ጋር ነው፤ የሚወለደውም ልጅ እንዲሁ። የእነሱ ደግሞ እስቴ ነው የሚሠራው።»

«ያሳደግኋት እኔ አይደለሁም?»

«በማሳደግ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ያሳደጉት መንደር ሁሉ በእርስዎ መታወቂያ ይታከም ነበር!»

ዮርዳኖስ ሳቀች። እኔ ግን ምኑ ያስቀኛል? ሳትወልድ ብመልሳት ሰው «አባረረቻት» ይለኛል። ባቆያትና ቢብስባትስ? ሕፃኑስ ቢታመም?

ነርሷ መርምራት መንገዱን ትችለዋለች ስላለችኝ፣ በማግስቱ ጓዜን ሸክፌ ከዮርዳኖስ ጋር ወደ እስቴ ተሳፈርኩ።

«አያት የልጅ ልጇ አማት ቤት ገብታ አራስ ስታርስ ታይቶ ያውቃል?» አለችኝ ዮርዳኖስ።

«እንግዲህ ይታያ! ከአማትሽ ጋር እየተጣላሁም ቢሆን ገንፎሽን እዚያው አገነፋልሻለሁ።»