የቀኝ እጅ ፍሬን

ልጄን የተራራ ብስክሌት ያስተማርኳት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። ግቢ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በርዝመቱ ሃያ ሁለት፣ በወርዱ ዘጠኝ እርምጃ የሆነ ሲሚንቶ ነው። መሐሉን የውሃ ቦይ ያቋርጠዋል። አንዱ ጥግ ላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፣ ሌላው ጥግ ላይ የእኔ አሮጌ ጎማና ብረት ተቆልሏል። ሚስቴ ይህን ቁልል አንሳልኝ ማለት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ብስክሌት ጠጋኝ ብረት አይጥልም፣ ነገ ያስፈልገኛል እላታለሁ፤ እሷም ያ ነገ የምትለው ቀን ይምጣና እናየዋለን ትለኛለች።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ቁልቁለት የብስክሌት ክለብ ልጆች ሲወርዱ አይታ መጣችና እኔም ካልወረድኩ ብላ ምግብ አኮረፈች። እኔ አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ይህቺን ልጅ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። በቤታችን የምትጠራው "አለቃ" ተብላ ነው፣ ስሙን ያወጣሁላትም እኔው ነኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ በቃሽ እስክላት ትማራለች፣ እስከዚያው ቁልቁለቱ ጋ ድርሽ አትልም። ከቁልሉ ውስጥ መርጬ አንድ ብስክሌት ገጣጠምኩላት። የኋላውን ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የፊቱን በግራ እጅ አደረግሁት፤ እኔም ስነዳ የኖርኩት እንደዚያ ነው።

ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። መጀመሪያ ያስተማርኳት በዝግታ መሄድን ነው። በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመርኩና በመሐላቸው እንወዳደር አልኳት፤ ወደኋላ የቀረ ያሸንፋል፣ እግሩን መሬት ያስነካ ይሸነፋል። ታናሽ ወንድሟ፣ በዝላዩ ፌንጣ ያልነው፣ ያኔ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ወደኋላ የቀረ ካሸነፈማ እኔ ቁጭ ብዬ አሸንፋለሁ ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ቦዩ ላይ ጣውላ አጋድሜ በዚያ ላይ አሻገርኳት፤ ዓይኗን ጣውላው ላይ ሳይሆን ከጣውላው ማዶ እንድትተክል ለማስለመድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ፔዳል ላይ ቆሞ መውረድ መጣ። ሁለቱ ፔዳል እኩል፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ክርን ወጣ፣ መቀመጫ ከኮርቻው ከፍ ብሎ ወደኋላ። ሽንት ቤቱ ቆሽሾ መቀመጥ ስትጠዪ እንደምትሆኚው ሁኚ ስላት በሳቅ ከነብስክሌቷ ወደቀች። የደጃፋችንን ሁለት ደረጃ በብስክሌት የወረደች ቀን ሚስቴ ፊቷን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መሐል ታይ ነበር።

ፍሬንን ግን ለብቻው ሁለት ወር አስተማርኳት። የፊት ፍሬን ቁልቁለት ላይ ድንገት ጭምቅ ሲደረግ የፊት ጎማ ቀጥ ይላል፣ የኋላው ይነሳል፣ ነጂው በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ይሄዳል። የኋላ ፍሬን ግን ቢብስ ቢብስ ያንሸራትታል። ዐዋቂ ሰው ሁለቱን አመጣጥኖ ይይዛል፤ የደነገጠ ልጅ ማመጣጠን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁላት። ከደነገጥሽ ግራ እጅሽን እርሺው፣ ቀኙን ያዢ አልኳት። ደንቡን ደግሞ ጨዋታ አደረግሁት። እሷ ግቢውን ስትዞር እኔ ጥጌ ላይ ጎማ እየለጠፍኩ ሳታስበው "ቀኝ" እላለሁ፤ ቀጥ ትላለች። ምሳ ላይም "ቀኝ" ስላት እጇ ማንኪያውን ለቆ ይጨበጣል። ሚስቴ ልጄን አሻንጉሊት አደረግሃት ብላ ተቆጣች። እኔ ኮራሁ፤ ትምህርት ማለት እንዲህ ሳያስቡ ሲታዘዙት ነው አልኳት።

ክለቡ አዳዲስ ልጆች የሚመርጥበት ቀን ሲደርስ በቃሽ አልኳት። አሰልጣኙ የእኔን ግጥምጥም ብረት አይቶ ሳቁን ዋጠና ከክለቡ ብስክሌቶች አንዱን አዋሳት። ከሩቅ አገር የመጣ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ የሚመስል ቀላል ነገር ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን አላምንም፤ ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁና መረመርኩት። የመሪውን ቡሎን አጠበቅሁ፣ ኮርቻውን በቁመቷ ልክ አወረድኩ፣ የጎማውን ንፋስ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። በመጨረሻ ሁለቱን የፍሬን እጀታ በአንድ ጊዜ ጨምቄ ብስክሌቱን ወደፊት ገፋሁት። ሁለቱም ጎማ ያዘ። ደህና ነው፣ ውጪ አልኳት።

ወረደች። ከቁልቁለቱ ሥር ቆሜ፣ ፌንጣን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አያታለሁ። የመጀመሪያውን ኩርባ ጉልበቷን ሸብረክ፣ ዓይኗን ከማዶ አድርጋ አለፈችው፤ አሰልጣኙ ማን አስተማራት ሲል ሰማሁት። ሁለተኛውንም አለፈች። ሦስተኛው ላይ ጠጠር አገኛት፣ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ ብስክሌቱ ፍጥነት ጨመረ። ፊቷ ሲለወጥ ከታች ሆኜ አየሁ። "ቀኝ" ብዬ ጮህኩ። እንደ ሁልጊዜው ቀጥ አለች። የኋላው ጎማ ተነሳ፣ ልጄ በመሪው ላይ ተሽቀንጥራ ሄደች፣ ጀርባዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የልጄ ከወገብ በታች ያለው አካል እንደማይመለስ ቀስ ብላ ነገረችን። ሚስቴ "እስከ መቼ?" አለቻት። ሐኪሟ ወንበር ሳበችላትና እንድትቀመጥ ጠየቀቻት።

በሳምንቱ ብስክሌቱን ለማየት ወደ ክለቡ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ደህና አድርጌ አውቅ ነበር። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቼ አዞርኩትና ቀኙን እጀታ ያዝኩት። ጎማው ቆመ። እንደገና አዞርኩት፣ እንደገና ቆመ። በአንዳንድ አገር ፍሬኑን በተቃራኒው፣ የፊቱን በቀኝ እንደሚያስሩት አሳምሬ አውቃለሁ። እንደዚያ የታሰረ ብስክሌት በየዓመቱ በእጄ ያልፋል፤ ለማያውቀኝ ሰው ብስክሌት እንኳ አንድ በአንድ እየያዝኩ ለይቼ ነው የማስረክበው። ለልጄ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ጨመቅኩ። አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ችግር አገኘህበት ወይ ሲለኝ ምንም የለውም ብዬው ወጣሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ሚስቴ ቁልቁለቱን ረገመች፣ አሰልጣኙን ረገመች፣ ማስተማርህ ነው ጉድ ያደረገን ብላ እኔንም ረገመችኝ፤ እሱን መሸከም አላቃተኝም። ያቃተኝ የልጄ ነገር ነው። ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች ጎንበስ በል ብላኝ በጆሮዬ "አባዬ፣ ቀኝ ስትለኝ ሰምቼሃለሁ። ደንግጬ ግራውን ሳልይዘው አልቀረሁም። ይቅርታ አድርግልኝ" አለችኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አይዞሽ አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አይዞሽ ማለት ይቅር ብዬሻለሁ ሆኖ እንደተሰማት ፊቷ ላይ አይቻለሁ፣ አይቼም ዝም አልኩ።

ቤት ስትመለስ አልጋዋን ግቢው በሚያሳየው መስኮት ሥር አደረግንላት። ቀን ቀን በተሽከርካሪ ወንበሯ መስኮቱ ላይ ትውላለች። አንድ ሰሞን የግራ እጇ አንጓዎች ጠቆሩ፤ ምን ሆነሽ ስላት ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጭቼ ነው አለችኝ። እናቷ ቅባት ቀባቻት። እኔ ማመኑ ቀለለኝና አመንኩ።

አራተኛው ወር ላይ ፌንጣን አስተምረው አለችኝ። ገና ትንሽ ነው ብዬ ልሸሽ ሞከርኩ። ሲያድግ ሰርቆ ነው የሚሄደው፣ ሳይማር ከሚሄድ እኔ የተሳሳትኩትን እንዳይሳሳት አድርገህ አስተምረው አለች። እናቷ ጥላን ወደ ጓዳ ገባች። አለቃ ናትና ታዘዝኩ። ለፌንጣ ትንሽ ብስክሌት ገጠምኩለት፣ በጠመኔ መስመር አሰመርኩለት፣ ጣውላውን አጋደምኩለት። ከዚያ በኋላ ማስተማሩን እሷ ወሰደችው። ልጁ ግቢውን ሲዞር በመስኮቱ ብቅ ትልና ሳያስበው "ቀኝ" ትለዋለች። እኔ ጥጌ ላይ ተቀምጬ ጎማ እለጥፋለሁ። ያን ቃል እየሰማሁ ማጣበቂያውን ቀዳዳው ሌላ ቦታ ሆኖ ሌላ ቦታ የቀባሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነገርኳት አጣታለሁ፣ ካልነገርኳት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች፤ ይህን እያወቅሁ አንድ ወር ጎማ ለጠፍኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፌንጣ ተዘናግቶ ኖሮ "ቀኝ" ስትለው ግራውን ያዘ። ብስክሌቷ ትንሽ ናትና ምንም አልሆነም፤ በአፍንጫው መሪውን ነካ አድርጎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ፌንጣ፣ ና ወደዚህ" አለችው። መስኮቱ ሥር ሄደ። "እኔ እግሬን ያጣሁት እንደዚህ ነው። አባዬ ትክክሉን አስተምሮኝ፣ እዚያም ቆሞ ነግሮኝ፣ እኔ ቀኜን ከግራዬ መለየት አቅቶኝ ነው። እንደ እኔ ጅል አትሁን።"

"አንቺ ጅል ነሽ?" አላት።

"አዎ" አለችው፣ ዕድሜዋን እንደተጠየቀች ሁሉ።

ጎማውን ጣልኩና ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። ብስክሌቱ በተቃራኒው የታሰረ እንደነበረ፣ ቀኙ የፊቱን እንደሚይዝ፣ እኔ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ጨምቄ ሳልለይ እንዳስወጣኋት ነገርኳት። ፌንጣ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። እሷ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ታዲያ እኔ የያዝኩት ቀኙን ነበር?" አለች።

"ቀኙን ነበር።"

"እንዳልከኝ።"

"እንዳልኩሽ።"

ፊቷ ፈካ። ከወደቀች ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያገላበጠች አየቻቸው። እኔ ሞኙ፣ ይኸው አለቀ፣ ይቅር አለችኝ ብዬ መስኮቱን ተደግፌ ማልቀስ ጀመርኩ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?" አለች።

መዋሸት እችል ነበር። ትናንት ብላት ታምነኝ ነበር። "በወደቅሽ በሳምንቱ" አልኳት።

ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ፣ ያገኘችውን ነገር ብትወረውርብኝ ደስ ባለኝ። "ግራ እጄን ከአልጋው ብረት ጋር ስመታው የከረምኩት እኮ እግሬን ያሳጣኝ እሱ መስሎኝ ነው" አለች። "አይተህ ምን ሆነሽ አልከኝ።"

ፍሬኑን ሳላይ መቅረቴ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፣ በማንም ላይ ይደርሳል ብዬ ራሴን አባብዬ ይሆናል። ይኼኛው ግን በየጠዋቱ ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ እንዴት አደርሽ ብያት ያደረግሁት ነው።

ልጄ ከእኔ ዞር አለችና ወንድሟን አየችው። በዚያው በማስተማሪያ ድምፅዋ፣ ሳትቸኩል ነገረችው። "ስማኝ፣ ፌንጣ። እስካሁን ያስተማርኩህ ላይ አንድ ነገር ጨምር። ማንም ብስክሌት ቢሰጥህ ሳትወጣበት በፊት ጎማውን አንስተህ አዙረው። አንዱን እጅ ብቻ ያዝና የትኛው ጎማ እንደቆመ እይ። ከዚያ ሌላውን። ራስህ ሳታይ ማንም ቢነግርህ እንዳታምን።"

"አባዬም ቢሆን?" አለ።

"አባዬም ቢሆን።"

ልጁ አንጋጦ አየኝ፤ አትስማት፣ ቀልዷን ነው እንድለው የፈለገ መሰለኝ። እውነቷን ነው አልኩት።

ፌንጣ ታዛዥ ልጅ ነው። ወደ ብስክሌቱ ሄዶ ከመሪው በታች ያዘና ለማንሳት ታገለ። አንድ እጁን ለጎማው ሲለቅ ብስክሌቱ ያጋድልበታል፣ በሁለት እጁ ሲያነሳው የሚያዞርበት እጅ ያጣል። ልይዝለት ጠጋ አልኩ። እጄን ስዘረጋ እሱ ብስክሌቱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረና አባዬ ይያዝልኝ ወይ ብሎ እህቱን ጠየቃት።

"እማዬን ጥራት" አለችው።