በአንድ ዓይን የተሳሉት ንግሥቶች

ሐረገወይን የልጇን አዲስ ፀጉር ቤት ልታይ ጠበሏን በላስቲክ ይዛ ገብታ፣ ገና ግድግዳውን ስታይ ጠበሉን እንዳቀፈች ወደ ደጅ ተመለሰች።

«በስመ ሥላሴ! ፅዮን፣ እነዚህ ምን አጥፍተው ነው?»

ፅዮን ወንበር ላይ ቆማ አምፖል ታስር ነበር። «ምንም አላጠፉ። የጥንት ግብፅ ንግሥቶች ናቸው። ሰዓሊው በእርሳስ ነድፎልኝ ሄደ፤ ቀለሙ ነው የቀረ።»

«ንግሥቶች ከሆኑ ምነው ታዲያ አንዳንድ ዓይን ብቻ?»

ሐረገወይን ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ተወልዳ፣ ደብሯ ግድግዳ ሥር ስታስቀድስ ያደገች ሴት ናት። ፊደል ሳትቆጥር በፊት ያነበበችው ሥዕሉን ነው። ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይናቸውን ገልጠው ይቆማሉ። ኃጥአን ግን በጎን ነው የሚሳሉ፣ በአንድ ዓይን፤ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት፣ ባሕር የበላቸው የፈርዖን ወታደሮች። አሁን የገዛ ልጇ ግድግዳ ላይ ሦስት የተኮነኑ ሴቶች፣ አንዷማ ጭራሽ ጺም ያላት፣ ተሰልፈው ወደ ፀጉር መታጠቢያው ይሄዳሉ።

«ግብፆች ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚስሉ፣ እማዬ። ለክፋት አይደለም።»

«ሁሉም ተኮንኖ ነዋ! ኦሪት ሲነበብ አልሰማሽም?»

«አራት ዓመት የተማርኩት ታሪክ ሥራ ካላስገኘልኝ፣ ግድግዳዬን እንኳ ያሳምርልኝ ብዬ ነው።»

ይኼ ሐረገወይንን አንጀቷን በላት። ፅዮን ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ስትቀመጥ፣ ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ የተሳለች እሷ ናት። ያን ሁሉ ለምና ያገኘችው በር ይኸው ተከፍቶ፣ መግባት አቃታት።

«ለኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው የምከፍት» አለች ፅዮን ከወንበሩ ወርዳ። «መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የምትቀመጭ አንቺ ነሽ። አንቺ ሳትመርቂኝ በሩን አልከፍትም።»

«እነዚህ ፊት ተቀምጬ ምርቃት ከአፌ አይወጣም።»

«ፊት ለፊት እንደሁ አያዩሽም» አለች ፅዮን።

በነጋታው ፅዮን የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ልታመጣ ባሕር ዳር ሄደች፤ ቁልፉንም ለእናቷ ተወች። ሐረገወይን ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችና በቀጥታ አያ ገብረ ኪዳን ቤት ሄደች። አያ ገብረ ኪዳን ከመካነ ብርሃን እስከ ጎንደር አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የሳሉ ሽማግሌ ናቸው። መጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ግድግዳውን ዞሩት።

«ንድፉ ሸጋ ነው። ግን ምን አርጊ ትይኛለሽ?»

«ሁለተኛ ዓይን ይስጡልኝ፣ አያ።»

«ሥራዋን ሳላውቅ? ነገ በሰማይ ‹ገብረ ኪዳን፣ ለዚች ማን ፈቀደልህ?› ብባል ምን እመልሳለሁ?»

ሐረገወይን ጨነቃትና ስልኳን አወጣች። ለፅዮን ደወለች፤ ድምፁንም ለሽማግሌው ከፈተችላቸው።

«ፅዮንዬ፣ ይቺ ጺማሟ ማን ናት?»

ፅዮን ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ የደዋዩን ስም ደግማ አየች። አራት ዓመት ሙሉ ስትማር እናቷ ስለ ትምህርቷ ጠይቃት አታውቅም። «ሐትሼፕሱት ናት፣ እማዬ።»

«ስሙ ይቅር፤ ለምላስ ይከብዳል። ሥራዋን ንገሪኝ።»

«ባሏ ሞተባት። የእንጀራ ልጇ ሕፃን ስለነበር እሷ ነገሠች። ጺሙ አርቲፊሻል ነው፤ ንጉሥ ጺም አለው ስለሚባል አስራው ነው። መርከብ ልካ ወደኛ ወገን ነበር ከሚሉት አገር ዕጣን አስመጣች።»

«ዕጣን!» አሉ አያ ገብረ ኪዳን ቀለማቸውን እየበጠበጡ።

«ለጣዖት ነበር ግን» አለች ፅዮን። «ማነው አብሮሽ ያለው?»

«ራዲዮ ነው» አለች ሐረገወይን።

«ዕጣኑ ዕጣን ነው» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ፤ «የደረሰበት ቤት ነው የተሳሳተ። ሁለት ዓይን ይገባታል። ጺሙንስ ላጥፋው?»

ሐረገወይን አሰበችበት። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። «ይተዉት፣ አያ። ባል የሞተባት ሴት ስንት ቀን ጺም ታስራለች መሰለዎት።»

ሁለተኛዋ ነፈርቲቲ ነበረች። ከባሏ ጋር ሆና ያን ሁሉ ጣዖት አስትታ፣ የሚመለክ አንድ ብቻ ነው እንዳለች ፅዮን አወራች። አያ ገብረ ኪዳን እሰይ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ «ፀሐይን ነው ታዲያ» ስትል ብሩሹ አየር ላይ ቀረ።

«አንድ መሆኑን ደርሳበታለች» አሉ ቆይተው፤ «ማን መሆኑ ነው የቀራት።» ሁለተኛ ዓይን ሰጧት፤ ትንሽ አሳንሰው።

«ሦስተኛዋስ፣ ልጄ?»

«ክሊዮፓትራ። ሁለት ወንድሞቿን በተራ አገባች።»

«ምን?!» አለ ራዲዮው።

«የቤተ መንግሥታቸው ወግ ነው። ከዚያ ሁለት የሮም ጦር አለቆች ወዳጅ ያዘች። ኋላ አገሯ ሲወሰድባት እባብ አስነክሳ ራሷን ገደለች ይባላል።»

አያ ገብረ ኪዳን ብሩሻቸውን አጠቡ። «ይቺ ባለችበት ትቆይ።»

ፅዮን ካስኩን አሸክማ ስትመለስ እናቷን በሩ ላይ አገኘቻት። ሐረገወይን ቁልፉን ሰጥታ ወደ ዳር ቆመች። ልጄ ተቆጥታ ቤቱን ትታው ብትሄድስ? ፅዮን ገባች። ሁለት ንግሥቶች ክብ ፊት አውጥተው፣ የጎንደር ዓይናቸውን አፍጥጠው ተቀበሏት።

«እማዬ! ምን አረግሻቸው?»

«ከኩነኔ አወጣኋቸው።»

ፅዮን ሐትሼፕሱትን ቀርባ አየቻት። እናቷን ዞራ አየች። እንደገና ግድግዳውን። አያ ገብረ ኪዳን ንግሥት አይተው ስለማያውቁ፣ አጠገባቸው የቆመችውን ሴት ነበር የሳሉ።

«እማዬ፣ ጺም ያምርብሻል!» ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሐረገወይን ጠበሉን ረጭታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልትመርቅ አፏን ስትከፍት፣ በመስታወቱ ውስጥ ክሊዮፓትራ በአንድ ዓይኗ ጥግ ላይ ቆማለች። አፏን መልሳ ዘጋችና ወደ ሥዕሉ ጠቆመች።

«ይቺ ስትነግሥ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«አሥራ ስምንት። አባቷ ሞቶ።»

«እናትስ?»

«ስለ እናቷ እርግጡ አይታወቅም።»

«ማን መከራት ታዲያ!» ሐረገወይን ለምርቃቱ ወደ ተጠሩት ሽማግሌ ዞረች። «አያ፣ ይቺም የሰው ልጅ ናት።»

«ራሷን ገድላ?»

«እባብ ነክሶ እስኪገድል ትንሽ ጊዜ አለ። በዚያች ብትጸጸትስ? ማን አየ?»

አያ ገብረ ኪዳን ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። አርባ ዓመት ሲስሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመጣባቸውም። «እንግዲያው ሁለተኛ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ» አሉና ብሩሽ አስመጡ። ሁሉም ቆሞ ጠበቃቸው። ዓይኗ እንዳለቀች ሐረገወይን እጇን ዘርግታ መረቀች፤ እስኪደክማት መረቀች፣ ፅዮንም ካስኩን እንደያዘች አሜን አለች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሰላም የምትባል ሙሽራ ነበረች። ገብታ ግድግዳውን እንዳየች ጮኸች። «ውይ! ይቺ ትጠቅሳለች!» ብላ ከክሊዮፓትራ ጋር ፎቶ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ሙሽራ ሁሉ ሚዜዎቿን አስከትላ «ጠቃሿ ጋ» ነው የምትመጣ። ቤቱ ሰው አጥቶ አያውቅም።

«እየጸለየች ነው» ትላለች ሐረገወይን በየጊዜው። የሚሰማት የለም።

አንድ ቀን ግን ካስክ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ክሊዮፓትራን ብዙ አየቻት። ግራ ቀኝ ተመለከተች፤ ፅዮን ደጅ ናት። ሐረገወይን አማተበችና መልሳ ጠቀሰቻት።