የቡሬ ጌታ

ተሰማ ዳለቻን በግራ አቁሞ የቀንበሩን አንድ ጫፍ ማጅራቱ ላይ ጫነና ወይፈኑን ቡሬን በቀኝ በኩል ጎትቶ አስገባው። ዳለቻ ዕድሜውን ሁሉ በቀኝ ያረሰ በሬ ስለሆነ ቦታው እንዳልሆነ ገባው። በጎን በጎኑ እየተራመደ ወደ ቀኝ ሊዞር ሞከረ። ተሰማ በጅራፉ እጀታ ገፍቶ መለሰው።

"ጎናቸውን ቀየርከው እንዴ?" አለች ሚስቱ ቦሰና። ማሳው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ ድንጋይ እየለቀመች ነበር።

"ቀየርኩት።"

"ሂርጳ ወይፈኑን በግራ ነው ያስለመደው።"

"ወይፈኑ የሂርጳ ነው?"

ቦሰና የለቀመችውን ድንጋይ ወደ ድንበሩ ወረወረች።

ጣልያን ከገባ ሦስተኛው ሰኔ ነበር። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች እስከ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ከሚያርሱት ሰዎች አብዛኞቹ የቀራቸው አንድ አንድ በሬ ነው። ባለ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል። ጥማዱ አንድ ቀን በአንደኛው መሬት፣ በማግስቱ በሌላው መሬት ይውላል። ተሰማና ድንበርተኛው ሂርጳም እንዲሁ ተቀናጅተዋል። ሂርጳ ያመጣው አሮጌውን ዳለቻን፣ ተሰማ ያመጣው ገና ያልተገራውን ቡሬን ነው። ወይፈን ሥራ የሚማረው ከአሮጌ በሬ ጋር ተጠምዶ ስለሆነ፣ ቡሬን የገራው የዳለቻ ባለቤት ሆነ።

ተሰማን የከነከነው ይኸው ነበር። የቡሬ እናት የሞተችው ጣልያን ከተማውን በያዘ ሰሞን ነው። ተሰማ ጥጃውን ጣቱን እያስጠባ፣ ከጎረቤት የለመነውን ወተት በቅል እያጠጣ አሳደገው። ወታደር በመንደሩ ባለፈ ቁጥር ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ያስገባውና እንዳይጮህ አፉን በመዳፉ ይዞ አብሮት ይተኛ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቡሬ፣ ሂርጳ በኦሮምኛ "ኮቱ" ብሎ ሲጠራው ጆሮውን ያቆማል። ተሰማ "ና" ሲለው ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ ጅራቱን ያወዛውዛል።

አንድ ማለዳ ተሰማ ዙሪያውን ቃኝቶ ማንም አለመኖሩን ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኮቱ" ብሎት ነበር። ቡሬ ቀና አለ። ወደ ተሰማ ግን አልመጣም፤ በተሰማ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሂርጳን ፈለገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሰማ ሁሉንም ነገር ልብ ማለት ጀመረ። ሂርጳ ወይፈኑን ጉሮሮው ሥር ሲያክለት፣ ቡሬ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሲያስረዝምለት፣ ቦሰናም ምሳ ስታመጣ ሞሰቡን መጀመሪያ ወደ ሂርጳ ስታዞር ያያል። እንግዳ ስለሆነ ነው ትላለች። በየሁለት ቀኑ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት እንግዳ ነው?

ዛሬ ቀኑ የራሱ ነው። ስለዚህ ጎናቸውን ቀየረ። ቡሬ ስለ ቀኝ ጎን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚማረውን ሁሉ ከእኔ ብቻ ይማራል ብሎ አሰበ። ነገሩን ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ምንም እንከን አላገኘበትም።

እንከኑ የመጀመሪያው ትልም ላይ ታየ። ዳለቻ ወደ ለመደው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ቡሬ ወደ ለመደው ወደ ግራ ይገፋል፣ ሁለቱም መሐል ላይ ይጋጫሉ። ቀንበሩ ተንጋደደ፣ ማረሻው ከአፈሩ እየወጣ ይንሸራተት ጀመር።

"ኧረ ተሰማ!" አለች ከማዶው ማሳ ጎመን የምትኮተኩተው ጠጅቱ። "ትልም ነው የምታወጣው የእባብ መንገድ?"

ቦሰና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ተሰማ ግን አየ። ጅራፉን አነሳና ቡሬን ጎኑ ላይ ገረፈው። መትቶት አያውቅም ነበር። ወይፈኑ ዘሎ ከዳለቻ ጋር ተላተመ፣ ከዚያ እግሮቹን ተክሎ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

ሂርጳ ድንበሩን ተሻግሮ መጣ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። መጀመሪያ በሬዎቹን፣ ቀጥሎ ተሰማን ተመለከተ።

"ዳለቻ የቀኝ በሬ ነው" አለ።

"ዛሬ ቀኑ የእኔ ነው።"

"ቀኑማ ያንተ ነው። ቀን ይቀየራል፣ የበሬ ጎን ግን አይቀየርም።"

"እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ" አለ ተሰማ ጠጋ ብሎ፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙት። "ይህን ወይፈን ምን አብልተኸው ነው?"

"እኔ? ምንም።"

"ያለ ምንም የሰው ከብት እንዲህ አይከተልህም።"

"የሚከተለው እኔን አይደለም፣ ዳለቻን ነው። ዳለቻ የእኔን ድምፅ ይሰማል፣ እሱ ደግሞ ዳለቻን ይሰማል። አሮጌው የሰማውን ነው ወጣቱ የሚማረው።"

ተሰማ አላመነውም። አሁንም ቡሬ ከመንቀጥቀጡ ሳይወጣ አፍንጫውን ወደ ሂርጳ እጅ መዘርጋቱን በዓይኑ እያየ ነው።

ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ የካሚዮን ድምፅ መጣ። መኪናው ዋርካው ሥር ቆመ። ባለ ቆብ ጣልያን ከጥላው ሳይወጣ ቀረ። አስካሪ የሚባሉ ሁለት የጣልያን ጥቁር ወታደሮችና ካኪ ኮት የለበሰ አስተርጓሚ ግን ቁልቁል ወረዱ። አስተርጓሚውን ሁሉም ያውቀዋል። አምሳሉ ይባላል፤ የሰንጋ ተራ ልጅ ነው። ለጦሩ ወጥ ቤት የሰባ ከብት ሲለቅሙ ከርመዋል። ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፣ አልሸጥም ማለት የለም። የሚያርስ በሬ ብቻ እንዳይነካ ታዟል፤ ገበሬው ካላረሰ ወታደሩም አይበላምና።

አምሳሉ የዳለቻን የጎን አጥንት አየና አለፈው። ቡሬ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን ሻኛው ላይ አሳረፈ።

"ይህ የማን ነው?"

"የእኔ ነው ጌታዬ" አለ ተሰማ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። ቃሉ በአፉ ውስጥ ጣፈጠው። ሂርጳ እንዲሰማውም ጮክ ብሎ ነበር ያለው።

"ያርሳል?"

"ያርሳል።"

"ሁሉም ያርሳል ነው የሚለው። ትናንት ከወንዙ ማዶ አንዱ ጎበዝ አራሽ አስመጥቶ፣ ያልተገራ ወይፈን በጉልበት አንድ ትልም አሳርሶ አታለለኝ። ጣልያኑ እኔን ሰደበኝ። ከእንግዲህ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሲያርስ ካላየሁ አላምንም። በል እረስ።"

ተሰማ ጎናቸውን እንዲመልስ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። ማነቆውን ፈታ። ዳለቻ በቀኝ፣ ቡሬ በግራ ሆኑ፤ ሁሉም ነገር ሂርጳ እንዳስለመደው ሆነ። ተሰማ እርፉን ጨበጠና "ና! ሂድ!" አለ። ዳለቻ ሂርጳን ፈልጎ ዞር አለ። ቡሬ የጅራፉን ጥላ ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተሰማ ደገመ፣ ለመነ፣ በሕፃንነቱ ይጠራው በነበረው ስም ሁሉ ጠራው። ወይፈኑ የፊት እግሮቹን አጠፈና ትልሙ ውስጥ ተኛ።

"ኮቱ..." አለ ሂርጳ ከዳር ሆኖ፣ ሳያስበው።

የቡሬ ጆሮ ቆመ።

"አንተ ዝም በል!" አለ አምሳሉ። "ባለቤት አይደለህም። ፍቱና አውጡት።"

አንደኛው አስካሪ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ቦሰና ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ከጎነበሰችበት ቀና አለች። ጠጅቱ መኮትኮቷን ትታለች።

በዚያች ቅጽበት ተሰማ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለፈ። ይሂድ። ከሄደ ሂርጳም አይጠራውም። ጉሮሮውንም አያክለትም። ሐሳቡ እንደ ጥላ አቀዝቅዞ አሳረፈው። ያሳረፈው መሆኑ ግን አስደነገጠው። ትልሙ ውስጥ የተኛውን ከብት ተመለከተ፤ ጅራፉ ያረፈበት የጎኑ ጠጉር ቆሟል።

"ጌታዬ" አለ። "ዋሽቻለሁ።"

አምሳሉ ዞረ።

"ወይፈኑ የእኔ አይደለም። የእሱ ነው" አለ ተሰማ፣ በአገጩ ሂርጳን እያመለከተ። "ያስተማረውም እሱ ነው። እኔ ቅጥር አራሹ ነኝ።"

ሂርጳ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀና ተሰማን ሲያይ መልሶ ገጠመው።

"ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

"የእኔ በሆነ ብዬ ተመኝቼ።"

አምሳሉ ሳቀ። የሰው ሀብት በመመኘት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ጊዜ ሹም ነበርኩ አለ። አስካሪዎቹ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ። ቦሰና አልሳቀችም። ባሏን አይታው በማታውቅበት ዓይን ታየው ነበር፤ እሱም ወደ እሷ ማየት አልቻለም።

ሂርጳ መጥቶ እርፉን ተቀበለ። ጅራፉን አልተቀበለም። በለሆሳስ ጠራ፣ ዳለቻ ተነቃነቀ፣ ቡሬም አፈሩን አራግፎ ተነሳ። ማረሻው መሬቱን እንደ ጨርቅ እየቀደደ እስከ ድንበሩ ሄደ፣ ዞረ፣ ከጎኑ ሌላ ትልም እያወጣ ተመለሰ።

"አንተስ ምን ይገትርሃል?" አለ አምሳሉ ተሰማን። "ጌታህ ሲያርስ ጓል አትከሰክስም?"

ተሰማ ማሳው ጠርዝ ላይ የተጋደመውን ዶማ አነሳ። ከጥማዱ ኋላ ኋላ እየተከተለ በዶማው ጀርባ ጓሉን ይመታ ጀመር። አምሳሉ ትንሽ ቆሞ አየ። ከዚያ ሂርጳን፣ ሌላ ጊዜ ስመለስ ይህን በሬ የምጠይቀው አንተን ነው፣ ሸጥኩት ብትል ወዮልህ ብሎት ሽቅብ ወጣ። ካሚዮኑ ተነሳ፤ ድምፁ በጌጃ ሰፈር አቅጣጫ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ሂርጳ በሬዎቹን አቆመ። ላቡን በክንዱ ጠረገና ከእርፉ ፈቀቅ አለ።

"ሄደዋል። ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል" አለ። "ና ያዝ፣ መሬትህ ነው።"

ተሰማ ቀና አለ። የቡሬ አንድ ጆሮ አሁንም ወደ ሂርጳ ዞሯል። ቅናቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ደረቱ ውስጥ እንደ ጠዋቱ ያቃጥላል። ያልታረሰው ግማሽ ማሳ ከፊቱ ነው፣ ደመናውም በእንጦጦ በኩል እየከበደ መጥቷል።

"ጨርሰው" አለ።

ጎንበስ ብሎ ቀጣዩን ጓል መታ።